ሁለተኛው ርቀት

ሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ለኪዋ የመለኪያውን ብርጭቆ ክዳን ፈታችና ባለችበት ደርቃ ቀረች። ጥቁር መሆን የነበረባቸው ሁለት ክብ ብረቶች የራሷን ፊት መልሰው አሳዩዋት።

ብረቶቹ የሳንቲም ያህል ስፋት ያላቸው፣ በብርጭቆው ውስጥ ፊት ለፊት የሚፋጠጡ የፕላቲነም ቁራጮች ናቸው። በዚያ ቤት ስምንት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ሲያበሩ አይታቸው አታውቅም። ከተገዙ ጀምሮ ፊታቸው ጥቀርሻ በመሰለ ነገር የተለበጠ ነበር። ልባሱም ራሱ ፕላቲነም ነው፤ ግን እንደ ከፋይ ጨርቅ ጠጉራም ሆኖ የተጋገረ። አሁን ያ ጥቁር የለም። ብረቱ እንደ መስታወት ጠርቶ፣ የገዛ ዓይኗ በውስጡ ፈጦ ያያታል።

መጀመሪያ ወደ አፏ የመጣው ቃል «ሐሙስ» የሚል ነበር። 

ለማያውቅ ሰው፣ ሁለት ብረት ጸዳ ተብሎ እንዲህ መደንገጡ ያስቅ ይሆናል። የቤቱ ሥራ ግን እንዲህ ነው። ያለ ጊዜያቸው ተወልደው መጥባት ላልቻሉ ሕፃናት በደም ሥር የሚሰጥ፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ እዚያ ይዘጋጃል። ፈሳሹ ውሃ ነው፤ በውሃው ውስጥ ዓይን የማያያቸው እልፍ የስብ ነጠብጣቦች ይንሳፈፋሉ። እያንዳንዷ ነጠብጣብ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ተሸክማለች። ቻርጃቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ እንደ ተቀያየሙ ጎረቤቶች ይሸሻሻሉ፤ ሳይገጣጠሙ የሚኖሩትም ስለሚሸሻሹ ነው። ቻርጁ የደከመ እንደሆነ ይታረቃሉ፤ ታርቀውም ይዋሃዳሉ። የተዋሃደው ስብ ደግሞ እንደ ክር በቀጠነው የሕፃን የሳንባ ሥር ሲደርስ ይወተፋል። «ጎረቤት ታርቆ ሰው የሚገድለው እኛ ቤት ብቻ ነው» እያሉ ሠራተኞቹ ይቀልዳሉ።

የለኪዋ ሥራ ጎረቤቶቹ አለመታረቃቸውን ማረጋገጥ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር ምርት ጥቂት ቀድታ በሁለቱ ብረቶች መካከል ታፈስሳለች፤ ከዚያ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ፣ ከፈጣኑ ጀምራ እስከ ዝግተኛው ድረስ ትልክበታለች። ምልልሱ ሲዘገይ በየነጠብጣቡ ዙሪያ የተሰበሰበው የጨው ደመና ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ ጊዜ ያገኛል፤ ፈሳሹም ብዙ ኤሌክትሪክ አቅፎ ይይዛል። ያቀፈው በቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ከዘጠኝ መቶ በላይ ከሆነ ነጠብጣቦቹ እንደተኳረፉ ናቸው፤ ፈርማ ታሳልፈዋለች።

መዘዙ ያለው ከብረቶቹ ዘንድ ነው። በዝግተኛው ምልልስ ጊዜ፣ ከውሃው ውስጥ ያለው ጨው በብረቶቹ ፊት ላይም ይከመራል፤ ክምሩም ከፈሳሹ ያልመጣ የሐሰት ቁጥር ይጨምራል። ጥቁሩ ልባስ የተሠራው ይህን ክምር እንዲያከስመው ነው። ያበራ ብረት ይዋሻል፤ ሲዋሽም አሳንሶ ሳይሆን አግንኖ ነው። ደካማውን ፈሳሽ ጠንካራ ነው ይላል።

ለኪዋ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል እየሮጠች ሄደች። አጣቢዋ፣ ቤቱ ሁሉ እማማ የሚላቸው ሴት፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠርሙስ እያለቀለቁ ነበር።

«እማማ፣ እነዚያን ክብ ብረቶች ማን ነክቷቸዋል?»

«ጎሽ፣ አየሽልኝ?» እማማ ፊታቸው በራ። «እኔ እኮ አንድ ሰው አይቶ እስኪያመሰግነኝ አምስት ቀን ሙሉ ስጠብቅ! በዚህ ቤት ካላጠፉ በቀር የሚያይ የለም መቼም።»

«እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ይሆናል? ረቡዕ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ ሲባል ከፍቼ ባየው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ሰው ምን ይላል? ይቺ የተማረች ሴት የሕፃን ምግብ በዚህ ነው እንዴ የምትነካካው አይሉም? በሳሙና ባጥበው እምቢ አለኝ፤ በሽቦ ፈትጌ ፈትጌ፣ ምን የመሰለ ብረት ከውስጡ ወጣ መሰለሽ!» ከዚያ የለኪዋን ፊት አዩ። ጠርሙሱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ምነው ልጄ? ምን አጠፋሁ?»

ለኪዋ የአሮጊቷን እርጥብ እጅ ያዝ አድርጋ ለቀቀችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ረቡዕ ታጠበ። ሐሙስ የለካችው አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ዓርብ ተጭኖ ወጣ። የቅዳሜና የእሑድ ድርሻ ከአሮጌው ዙር ነበር። ዛሬ ሰኞ ነው። የሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል አዲሱን ጠርሙስ የሚሰቅለው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን ሦስት ሰዓት ሆኗል።

መዝገቡን ገለጠች። ስትገልጠው ምን እንደምታገኝ ታውቃለች፤ ቢሆንም ሰው የፈራውን ነገር ዓይኑ ካላየው አያምንም። በየገጹ ለእያንዳንዱ ዙር ሁለት መስመር አለ። ብረቶቹን በሁለት ሚሊሜትር አራርቃ ትለካለች፤ ከዚያ ወደ አራት አስፍታ ደግማ ትለካለች። ከፈሳሹ የመጣ ቁጥር ብረቶቹ ቢራራቁም ቢቀራረቡም አይለወጥም፤ ከብረቱ የመጣ ሐሰት ግን ርቀቱ ሲሰፋ ይወርዳል። ሁለተኛው ርቀት የተደነገገው እንዲህ ላለው ቀን ነው። እርግጥ በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለቱ መስመሮች ተለያይተው አያውቁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ስምንት ዓመት ሳይለያዩ የኖሩ ሁለት ቁጥሮችን ግን ማን ይጠረጥራል?

የሐሙሱ ገጽ አንድ መስመር ብቻ ነበረው። «በሁለት ሚሊሜትር፦ 1140።» ከሥሩ ፊርማዋ። ከወትሮው ላቅ ያለ ቁጥር ነው፤ ባየችው ጊዜ ደስ እንዳላት ሁሉ ትዝ አላት። ሐሙስ ባሏ ታሞ ከሞተ ሁለት ዓመት የሞላበት ቀን ነበር። ለማንም አልነገረችም፤ ብቻ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ኮቷን ለብሳ ወጣች።

ሞባይሏን አንስታ የባሏ እህት ዘንድ ደወለች። የባሏ እህት በዚያው በሕፃናቱ ክፍል ዋና ነርስ ናት። ስልኩ ዝግ ነበር፤ ሥራ ላይ ስትሆን ሁሌም እንደዘጋችው ነው። የክፍሉ መደበኛ ስልክ ቁጥር ያለው ኃላፊው ዘንድ ብቻ ነበር።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ቀስ ብሎ የሚያስብ፣ ካሰበም በኋላ አንድ ጊዜ የሚያስነጥስ፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ የሚለው ወፍራም ሰው ነው። ሳትቀመጥ ነገረችው። መነጽሩን አወለቀ።

«ተበላሽቷል ነው የምትዪኝ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ደህና ነው ማለት ነዋ!»

«እሱንም አላውቅም።»

«ታዲያ የምታውቂው ምንድን ነው?»

«አለማወቄን ነው። ያ ቁጥር የፈሳሹ ይሁን የብረቱ መለየት አይቻልም።»

ኃላፊው አስነጠሰ። «ስሚኝ፣ እህቴ። መጋዘን ውስጥ ሌላ ዙር የለም። ይኼን አስቁሙ ብል እነዚያ ሕፃናት እስከ ረቡዕ በስኳር ውሃ ብቻ ሊቆዩ ነው። አንድ ኪሎ የማይሞላ ልጅ ሁለት ቀን ቢራብ ምን እንደሚሆን ሐኪሞቹን ጠይቂ። ‹አላውቅም› ብሎ ልጅ የሚያስርብ አለ? መጀመሪያ ለኪ። በሁለት ሰዓት ትጨርሺያለሽ። ከዚያ እኔው ራሴ እደውላለሁ።»

ያለው ነገር እውነት ስለነበረ ይበልጥ አስፈራት። ቢሳሳት ወይም ቢቆጣ ይቀላት ነበር። አዎ ብትለውና ብትለካ፣ ፈሳሹም ደህና ሆኖ ቢገኝ፣ ማንም ምንም ሳይሰማ ያልፋል። ለአፍታ ያን መንገድ ተመኘችው። ከዚያ ግን ነጠብጣቡ በቀጭኑ ቱቦ ሲወርድ ታያት፤ አንድ፣ ደግሞ አንድ።

«ሁለት ሰዓት የለንም» አለችና እጇን ዘርግታ ስልኩን ከፊቱ ሳበችው። «ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

ኃላፊው አያት። ከዚያ ቁጥሩን በቃሉ ጠራላት።

ስልኩ ብዙ ጊዜ ጠርቶ ተነሣ። «የሕፃናት ክፍል።» የባሏ እህት ድምፅ ነው። 

«እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ሙሽሪት!» የባሏ ቤተሰብ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ የሚጠራት በዚህ ነው፤ ከዚያ ወዲያም ያስተወው የለም። «ምነው በጠዋቱ? ዛሬ እኮ አበደብኝ ክፍሉ። ልጆቹ ሰላም ውለው ፓምፑ ነው የሚያለቅስብኝ!»

«የትኛው ፓምፕ?»

«የናንተ ወተት ያለበት ነዋ፣ ሦስተኛው አልጋ። ከሰቀልነው ጀምሮ ‹ተዘግቷል፣ ተዘግቷል› እያለ ይጮሃል። ማጣሪያውን ሁለት ጊዜ ቀየርንለት፤ ያው ነው። ሌላ ማጣሪያ አልቆብናል። አሁን ልጅቷ፣ ረዳት ነርሷ፣ ማጣሪያውን አውልቃ በቀጥታ ልታገናኘው ሄዳለች፤ ጆሯችን ይረፍ።»

 ማጣሪያው ከቱቦው መጨረሻ፣ ልጁ ደም ሥር ጋ ሊደርስ ሲል የሚገጠም ጥፍር የምታህል ወንፊት ነው። ጤነኛ ነጠብጣብ እንዳሻው ያልፈዋል። የሚደፍነው የተዋሃደ ስብ ብቻ ነው። አላውቅም ያለችውን ነገር ያቺ ወንፊት ከጠዋት ጀምራ እየጮኸች ስትነግራቸው ነበር።

«እትዬ፣ አስቁሚያት! ማጣሪያውን እንዳታወልቅ! ቱቦውን ዝጉት፣ ሁሉንም ዝጉት! ሩጪ!»

«ምን ሆነሽ ነ—»

«ሩጪ ብዬሻለሁ!»

በሕይወቷ ታላቋን አዝዛ አታውቅም። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲጣል ጓ አለ፤ መስመሩ ግን አልተዘጋም። ለኪዋ ጆሮዋን እንደለጠፈች ቀረች። የሚሮጥ ጫማ ሰማች፤ እየራቀ ሄደ። በር ተገፋ። ያለመቋረጥ የሚጮህ ቀጭን የማሽን ድምፅ ነበር፤ ቲት፣ ቲት፣ ቲት። ድንገት የማሽኑ ጩኸት ቀጥ አለ።

ዝምታው ከጩኸቱ ባሰ። ፓምፑ የሚጮኸው ቱቦው ሲደፈን ነው፤ ዝም ካለ ወይ ዘግተውታል፣ ወይ ያለ ከልካይ እየፈሰሰ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ከሩቅ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ቃሉ አይለይም። አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፤ ይሁን፣ የሚያለቅስ ልጅ ይተነፍሳል። ኃላፊው ከጠረጴዛው ማዶ አፉን ከፍቶ ያያታል። 

ጫማው ተመለሰ። አሁን አይሮጥም።

«ሙሽሪት።» ድምፁ የሌላ ሰው ሆኗል። «ዘግቼዋለሁ። የሁሉንም ዘግቻለሁ። ሌሎቹ ሁለቱ ማጣሪያቸው አልተነካም።»

«የሦስተኛውስ?»

«አውልቃዋለች፤ ጩኸቱን ግን አላጠፋችውም ነበር። ልጅቷ አራት ደቂቃ ቢሆነው ነው ትላለች። አሥርም ሊሆን ይችላል። እየተንቀጠቀጠች ነው፤ ምን ብዬ ልመናት? ምንድን ነው ነገሩ? ምን ሰጠሁት ለልጁ?»

ለኪዋ ነገረቻት። የባሏ እህት አላቋረጠቻትም። መጨረሻ ላይ «ሐኪሙ ወረቀት ይፈልጋል። ግምት ሳይሆን ቁጥር ይዘሽ ነይ» ብላ ዘጋች።

ከየዙሩ ሁለት ጠርሙስ ለማስረጃ ይቀመጣል። ለኪዋ አንዱን ከፈተች። ጥቁሩን ልባስ መልሶ ማልበስ ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ በሚዋሽ ብረት እውነት ማውጣት ነበረባት። መንገዱ አንድ ብቻ ነው። ሐሰቱ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል፤ ርቀቱን ደጋግማ ብታሰፋ፣ ርቀት ሊያጠፋው ያልቻለው ትርፍ የፈሳሹ ነው። ብረቶቹን የሚያራርቀውን ብሎን ማዞር ጀመረች። እማማ ሳይጠሩ መጥተው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠቅልለዋል።

በሁለት ሚሊሜትር፣ 1140። ያው የሐሙሱ፣ ያስደሰታት። በአራት ሚሊሜትር፣ 690። እዚህ ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ሐሙስ ከዚህች መስመር የምትርቀው በሩብ ሰዓት ነበር፤ ሩብ ሰዓት ብትቆይ ኖሮ። በስድስት፣ 540። በስምንት፣ 465። ነጥቦቹን አንድ ለርቀቱ ተካፍሎ በሚወጣው ልክ ወረቀት ላይ አኖረችና በማስመሪያ አገናኘቻቸው። አራቱም ሳያፈነግጡ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተሰለፉ። መስመሩ ማለቂያ የሌለው ርቀት ሲደርስ የሚያርፈው ሁለት መቶ አርባ ላይ ነው።

ዘጠኝ መቶ መሆን የነበረበት፣ ሁለት መቶ አርባ። ጎረቤቶቹ ታርቀዋል።

ኃላፊው ከትከሻዋ በላይ ወረቀቱን አየ።  «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብረቱን የፋቁት እማማ ናቸው። እንደዚያ ነው የምንጽፈው። እሳቸው እንደሆነ ጡረታቸው ደርሷል።»

«እሳቸው ናቸው በይ፣ ልጄ» አሉ እማማ ከበሩ። «እውነት አይደለም እንዴ? ምነው እጄ በተሰበረ!»

«እማማ ብረት አጠቡ» አለች ለኪዋ። «ብረት እንዳይዋሽ ሁለተኛ ርቀት ነበረን። እሱን የዘለልኩት እኔ፣ የፈረምኩትም እኔ።» እስክሪብቶ አነሣችና ከሐሙሱ ፊርማዋ ሥር እንዲህ ጻፈች፦ «በሁለተኛው ርቀት አልለካሁም።» ሰዓቱንና ቀኑንም አኖረች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ኮቷን ሳትቆልፍ ወጣች።

ሆስፒታሉ አሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም፤ አንድ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «መሞት ካማረሽ በሌላ መኪና!» እንዳላት ብቻ ትዝ ይላታል። ሐኪሙ፣ ያልተላጨ ወጣት፣ ወረቀቱን ቆሞ አነበበ። ሕፃኑን ቱቦው ከተዘጋ ጀምሮ ለስድስት ሰዓት ዓይን ሳይነቅሉ መጠበቅ ብቻ ነው የሚቻለው አላት፤ የገባው ስብ ከበዛ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ካልበዛ ገላው ራሱ ስቡን አቃጥሎ ይጨርሰዋል። «አሁንስ?» አለችው። «አሁን ይተነፍሳል» አለ። ከዚያ በላይ ተስፋ አልሰጣትም።

የባሏ እህት በሩ ላይ አገኘቻት። አቀፈቻት፤ ነገር ግን እንደ ድሮው አጥብቃ አይደለም። «እናቲቱ ውስጥ ናት። ፓምፕ ተበላሽቶ ነው ብያታለሁ፤ ሌላው ጊዜ ሲገኝ ይነገራታል። አንቺ አትግቢ፣ ሙሽሪት። ምን ያደርግልሻል?»

ለኪዋ በመስኮቱ አየቻት። ገና ልጅ የምትባል ሴት ናት፤ የሆስፒታል ነጠላ ጫማ አድርጋ ከመስታወት ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። በሣጥኑ ውስጥ ያለው የሕፃኑ ክንድ ከእሷ አውራ ጣት አይወፍርም። ልትመለስ ትችል ነበር። ቁጥሩን አምጥታለች፤ የተፈለገችበት ጉዳይ አልቋል። እግሯ ወደ መውጫው ሁለት እርምጃ ሄዶ ነበር። ከዚያ ዞራ ገባች።

«የኔ እህት» አለች፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ቃል ብዙ ፈለገችው። «ፓምፑ አልተበላሸም። ለልጅሽ የተሰጠው ወተት ነው የተበላሸው። እሱን የምለካው እኔ ነኝ። በደንብ ሳልለካ ደህና ነው ብዬ ፈረምኩ።»

የእናቲቱ ፊት መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ወደ ሣጥኑ ዞረች፣ ወደ ለኪዋ ተመለሰች። «ይሞታል?»

«አላውቅም።» ይህን ቃል ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ማለቷ ነው፤ የአሁኑን ያህል የከበዳት የለም። «ሐኪሙም አላወቀም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ማየት ነው።»

«እና ነግረሽኝ ልትሄጂ ነው የመጣሽው?»

ለኪዋ ወደ በሩ አየች።

«የትም አትሄጂም!» እናቲቱ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ልትመታት የፈለገች መሰለች፤ እጇ ተነሣና የወንበሩን መደገፊያ ያዘ፤ ወንበሩን ጎትታ ከጎኗ አደረገችው። «ተቀመጪ። እኔ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ዓይኔ ይከደንብኛል። ሲፈጥን ታውቂዋለሽ አይደል? ቁጠሪ።»

ለኪዋ ተቀመጠች። ከታመመ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ትንፋሽ መቁጠር ታውቅበታለች፤ ያን ለማንም አልተናገረችም። ሰዓቷን ፈታ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ትንሿ ደረት ትነሣለች፣ ትወድቃለች። በደቂቃ ሃምሳ ሁለት። ወረቀት አውጥታ ጻፈችው። ሩብ ሰዓት ጠብቃ ደግማ ቆጠረች፤ ሃምሳ አራት። እናቲቱ «ጨመረ!» አለች፤ ለኪዋ «እንቆይ፣ ደግመን እንይ» አለቻት። ሃምሳ ሦስት። እኩለ ቀን አለፈ። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ስልሳ አንድ ደረሰና ሐኪሙን ጠሩት፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ ቆመ፤ ጠበቀ። ተመልሶ ወደ ሃምሳ አምስት ወረደ። በዚያ መሀል እናቲቱ የለኪዋን ክንድ ጨብጣ ነበር፤ ጥፍሯ በኮቱ ውስጥ ይሰማል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስድስቱ ሰዓት ሞላ። ሐኪሙ ሕፃኑን ደጋግሞ መረመረና «ሳንባው ንጹሕ ነው» አለ። «ነገም እናየዋለን። ግን ንጹሕ ነው።»

እናቲቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ለኪዋ ለመነሣት ወንበሩን ገፋ አደረገች።

«ወዴት?» አለች እናቲቱ፣ ፊቷን ሳትገልጥ። «‹ነገም› ብሏል እኮ። እኔ ትንሽ ልተኛ። ቁጠሪ አንቺ።»

ለኪዋ ወንበሩን መልሳ አስጠጋች፤ ወረቀቱም ስለሞላ ገልብጣ በጀርባው መጻፍ ጀመረች።